ተራራው ስለሞቀ ብቻ ዛፉ ሽቅብ አይወጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የአስተያየት ገጽ ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ደን የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች በአብዛኞቹ እስማማለሁ፤ አንዱ ግን እንዲሁ ቢታለፍ አንባቢን ያሳስታል ብዬ ስላመንኩ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሥቻለሁ። ጽሑፉ የምድር ሙቀት በጨመረ ቁጥር በተራሮች ላይ ያሉ ዛፎች ፈጥነው እንደሚያድጉ፣ ደኑም እየተስፋፋ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ይህም ሙቀቱ ከሚያደርሰው ጉዳት የተወሰነውን እንደሚያካክስ የተረጋገጠ ነገር አድርጎ አቅርቦታል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ የቀረው ክፍል ግን ስላልተነገረ አንባቢው የተሳሳተ ስሌት ይዞ ይቀራል።

በማንኛውም ረጅም ተራራ ላይ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ዛፎች እያጠሩና እየሳሱ ሄደው አንድ ከፍታ ላይ ሲደረስ ጨርሰው ይጠፋሉ፤ ከዚያ በላይ ቁጥቋጦና ሣር፣ ቀጥሎም ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ይህ የዛፍ ወሰን በቦሊቪያው የሳሃማ ተራራ 5,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ በስዊዘርላንድ አልፕስ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወደ ሰሜን ዋልታ እየተጠጋን ስንሄድ ደግሞ ዝቅ እያለ መጥቶ ከባሕር ጠለል ጋር ይስተካከላል። የባዝል ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ክርስቲያን ኮርነርና ባልደረቦቻቸው በተለያዩ አህጉራት በሚገኙ የዛፍ ወሰኖች ላይ የአፈሩን ሙቀት ለክተው ያገኙት ውጤት ግን አስገራሚ ነው፤ ከፍታው ይህን ያህል ቢለያይም፣ በዕድገት ወቅት ያለው አማካይ ሙቀት በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ወሰኑን በዋናነት ያሰመረው ቅዝቃዜ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ የጋዜጣችሁ ጸሐፊም እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ቅዝቃዜ ዛፍን እንዴት እንደሚያቆም ሲታይ ግን ነገሩ በተለምዶ እንደሚታሰበው አይደለም። ብዙዎቻችን ዛፍ በብርድ የማያድገው ምግብ ስለሚያጣ ይመስለናል። ሆኖም በወሰኑ ላይ የሚገኙ ዛፎች ግንድና ቅጠል ሲመረመር ያከማቹት ስኳርና ስታርች ከታች ካሉት ዛፎች አያንስም፤ ብዙ ጊዜም በልጦ ይገኛል። ቅጠሉ አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ ተጠግቶ እንኳ ብርሃን አስተፃምሮን ጨርሶ አያቋርጥም። የሚቆመው የተዘጋጀውን ስኳር ወደ እንጨት የመለወጡ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ሕዋስ ተከፋፍሎ፣ ተለጥጦና ግድግዳውን አጠንክሮ እንጨት እስኪሆን ድረስ ያለው ሂደት ከ5 ዲግሪ በታች እጅግ አዝጋሚ ይሆናል። ጡቡ በግቢው ተከምሮ ሳለ ግንበኛው እጁ በቆፈን ተይዞ ሥራ እንደቆመበት ግንባታ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዛፍ ላይ ሙቀት ሲጨምር ዕድገቱ ቢፈጥን አያስደንቅም፤ በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመሩ ግን በራሱ ያን ያህል ላይጠቅመው ይችላል፤ ቀድሞም የጎደለው ካርቦን አልነበረምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርበት ማየት ይጠቅማል። ከወሰኑ በላይ መሬት ላይ ተለጥፈው የሚበቅሉ ዕፅዋት በፀሐያማ ቀን ቅጠላቸው ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ነፋሱ በላያቸው ያልፋል እንጂ ውስጣቸው አይገባም፤ አፈሩም የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ ሥሮቻቸውን ያሞቅላቸዋል። ዛፍ ግን ቁመቱ ዕዳው ነው። ግንዱና ቅርንጫፉ ነፋስ መሐል ስለሚቆም ሙቀቱ ከአየሩ ሙቀት እምብዛም አይለይም፤ ጥላው ደግሞ የራሱን ሥር ያቀዘቅዘዋል። ገና ከሣሩ ያላለፈች ችግኝ በቀን የሣሮቹን ሙቀት ትጋራለች፤ በሌላ በኩል ጥርት ባለ ሌሊት መሬት ላይ የሚወርደው ውርጭ በቀጥታ ያገኛታል። ከሣሩ በላይ ብቅ ባለች ጊዜ ደግሞ ያ የቀን ሙቀት ይቀርባታል። ስለዚህ «የተራራው ሙቀት በዚህን ያህል ጨመረ» የሚል አንድ ቁጥር፣ ለሣሩ፣ ለችግኟና ለትልቁ ዛፍ የተለያየ ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። በተራራ ላይ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ ከ0.5 እስከ 0.65 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ መሠረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር የዛፍ ወሰን ከ150 እስከ 200 ሜትር ከፍ ማለት ነበረበት። የአልፕስ ተራሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በ2 ዲግሪ ገደማ ሞቀዋል፤ ደኑ ግን በአጠቃላይ ስሌቱ የሚለውን ያህል ርቀት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ዙሪያ በ166 ቦታዎች የተሰበሰቡ የዛፍ ወሰን መረጃዎችን አነጻጽሮ ነበር። ከ1900 ወዲህ ወደ ላይ የተንቀሳቀሱት ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት፣ ማለትም 52 በመቶዎቹ ብቻ ሲሆኑ፣ ወደ ታች የተመለሱት 1 በመቶ ገደማ ናቸው፤ የቀሩት ባሉበት ቆመዋል። ከግማሽ በላይ መንቀሳቀሱ ሙቀቱ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ግማሽ ያህሉ አለመንቀሳቀሱ ደግሞ ሙቀት ብቻውን እንደማይወስን ይመሰክራል።

ከዚህ ጋር የሚደበላለቁ ሁለት ነገሮች አሉ፤ በጋዜጣችሁ ላይ የወጣው ጽሑፍም ደበላልቋቸዋል። አንደኛው በወሰኑ ላይ ቀድሞ የቆመው ዛፍ ዕድገት ነው። ሁለተኛው የወሰኑ መንቀሳቀስ ነው። ቀድሞ የቆመው ዛፍ በአንድ ሞቃት ዓመት እንጨቱን ሊያወፍር ይችላል። ወሰኑ እንዲንቀሳቀስ ግን ዛፉ ለመብቀል የሚችል ዘር ማፍራት አለበት፤ ዘሩ ወደ ላይ መድረስ፣ አፈር ማግኘት፣ መብቀል፣ በሣርና በቁጥቋጦ መሐል ቦታ ማግኘት፣ ከዚያም በርካታ ክረምቶችን (በእነዚያ አገሮች ክረምት ስል ቀዝቃዛውን የበረዶ ወቅት፣ በጋ ስል ሞቃቱን የዕድገት ወቅት ማለቴ ነው) ሳይሞት ማለፍ ይኖርበታል። ከነዚህ አንዱ ከተሰናከለ የሌሎቹ መሟላት ትርጉም የለውም። በቲቤት አምባ ላይ የተደረገ ጥናት ለምሳሌ፣ ከወሰኑ በላይ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ ሙቀቱ እየጨመረም ደኑ ወደ ላይ የሚሄድበት ፍጥነት እንደሚገታ አሳይቷል።

የዛፉን ዕድገት በተመለከተ ያለን ማስረጃ የሚመጣው በአብዛኛው በግንዱ ውስጥ በየዓመቱ ከሚጨመሩት ቀለበቶች ነው። ተመራማሪዎች ጠባብ ክፍት ቱቦ የሆነ መሰርሰሪያ ከቅርፊቱ እስከ እምብርቱ አስገብተው እርሳስ የሚያህል የእንጨት ዘንግ ያወጣሉ፤ ዛፉ በዚህ አይሞትም። ዘንጉ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፣ በዕድገት ወቅቱ መጀመሪያ የተሠራው ሰፋፊ ሕዋስ ያለው ፈዛዛ እንጨትና በወቅቱ መጨረሻ የተሠራው ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ዓመት በዓመት ተደርድረው ይታያሉ። በቅዝቃዜ ወሰን ላይ በቆመ ዛፍ ቀዝቃዛ በጋ ጠባብ ቀለበት፣ ሞቃት በጋ ሰፊ ቀለበት ትቶ ያልፋል። ያለፉት በርካታ ምዕተ ዓመታት የሙቀት ታሪክ ከእነዚህ ዛፎች የሚነበበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ዓይነት ማስረጃ እጅግ ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ በአሜሪካ ካሊፎርኒያና ኔቫዳ ተራሮች ላይ ካለው ከብሪስልኮን ፓይን የተገኘው ነው። ይህ ዝርያ ከ4,800 ዓመት በላይ የኖሩ ዛፎች ያሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ በወሰኑ ላይ በሚገኙት ዛፎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የታየው የቀለበት ስፋት ባለፉት 3,700 ዓመታት ውስጥ ከነበረ ከየትኛውም የ50 ዓመት ጊዜ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ብናቆም የጋዜጣችሁ ጸሐፊ ሙሉ በሙሉ ትክክል ይሆኑ ነበር። ነገር ግን በእነዚያው ተራሮች 150 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርደው የተመረመሩት የዚያው ዝርያ ዛፎች ይህን ዕድገት አላሳዩም። የእነርሱን ቀለበት የሚያሰፋውና የሚያጠብበው በዋናነት ሙቀቱ ሳይሆን የውሃው መጠን ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገ ዝርዝር ጥናት ደግሞ ይህ ለውጥ ከወሰኑ ጥቂት አሥር ሜትሮች ዝቅ ሲባል እንደሚጀምር፣ ዛፉ የቆመበት ቦታ ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት ጎድጓዳ መሆን አለመሆኑም ልዩነት እንደሚያመጣ ታይቷል። አንድ ዝርያ፣ አንድ ተራራ፣ የአጭር ጊዜ የእግር መንገድ ርቀት፤ ለሙቀቱ የሚሰጠው መልስ ግን ሁለት ዓይነት ነው።

የውሃው ጉዳይ ከዚህም ይሰፋል። ሙቀት ሲጨምር አየሩ ከቅጠልና ከአፈር የሚስበው እርጥበት ይጨምራል፤ ዝናቡ ካልጨመረ ዛፉ በቅዝቃዜ ፈንታ በጥማት ይያዛል። በማዕከላዊ ሂማላያ ወሰኑ ላይ የሚበቅለው በርች ዕድገቱ የሚወሰነው የዝናቡ ወቅት ከመግባቱ በፊት ባሉት ደረቅ ወራት በሚያገኘው እርጥበት ነው፤ እነዚያ ወራት ሲሞቁና ሲደርቁ ቀለበቱ ይጠብባል። በአላስካ ተራሮች በነጭ ስፕሩስ ላይ የተደረገው ጥናትም ከ1950 ወዲህ በነበረው ሙቀት ከፊሎቹ ዛፎች ሲፋፉ ከፊሎቹ እንደቀጨጩ አግኝቷል። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በበርካታ ቦታዎች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሙቀቱ ሲጨምር ቀለበቱ አብሮ አለመስፋቱ የቀለበት ተመራማሪዎችን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ሙቀት ለዛፍ ዕድገት ይጠቅማል የሚለው አባባል የሚሠራው ሙቀት ዋናው እጥረት ሆኖ እስከቆየ ድረስ ብቻ ነው፤ ያ እጥረት ሲቃለል ቀጣዩ እጥረት ቦታውን ይወስዳል።

ዝርያዎች ራሳቸው እንደማይመሳሰሉ ደግሞ በስዊዘርላንድ ዳቮስ አቅራቢያ ከሚገኘው የሽቲልበርግ የሙከራ ቦታ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በዚያ ተዳፋት ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 የሦስት ዝርያዎች 92,000 ችግኞች ተተከሉ፤ ላርች፣ የተራራ ፓይንና የስዊስ የድንጋይ ፓይን ናቸው። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ላርቹ በአብዛኛው ሲተርፍ፣ ከሁለቱ የፓይን ዝርያዎች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ካጠፏቸው ነገሮች አንዱ በረዶ ዘግይቶ በሚቀልጥበት ቦታ ቅጠላቸውን የሚያጠቃው ፈንገስ ነበር። ቅጠሉን በየዓመቱ የሚያረግፈው ላርች ለዚህ ፈንገስ ብዙም አልተጋለጠም። ከተረፉት ዛፎች በአንዳንዶቹ ላይ ከ2001 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለቀቀ፤ ላርቹ በመጠኑ አደገበት፣ የተራራው ፓይን ግን ምንም አላሳየም። ቀጥሎ አፈሩ ራሱ እንዲሞቅ ሲደረግ ውጤቱ ተገለበጠ፤ ፓይኑ አደገ፣ ላርቹ ባለበት ቀረ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች ናቸው። «የተራራ ዛፎች ለሙቀት ይህን ይመልሳሉ» ብሎ በደፈናው ለመናገር የሚፈልግ ሰው ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ ቢያነበው ብዕሩን ትንሽ የሚይዘው ይመስለኛል።

ስለ ክረምቱም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያየው በጋውን ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ166ቱ ቦታዎች ጥናት እንዳሳየው ወሰኑ ወደ ላይ የመንቀሳቀስ ዕድሉ ይበልጥ የተያያዘው ክረምቱ ከሞቀባቸው ቦታዎች ጋር ነው። በሩሲያ ዋልታ ኡራል ተራሮች ለረጅም ዘመን መሬት ለመሬት እየዳኸ ብዙ ግንድ ሲያወጣ የኖረው ላርች፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክረምቱ ሲለዝብና በረዶው ሲበዛ ቀጥ ብሎ ባለ አንድ ግንድ ዛፍ ሆኖ ማደግ ጀምሯል፤ ደኑም ወደ ላይ ወጥቷል። በረዶው ችግኙን ከሚጋረፍ ደረቅ ነፋስ ሸፍኖ የሚያቆይ ብርድ ልብስ ነው፤ በሽቲልበርግ እንዳየነው ግን ከልክ በላይ ሲቆይ የፈንገስ መራቢያ ይሆናል። የክረምት ቅዝቃዜ መለዘብ ሌላም ጠላት ያስነሣል። በሰሜን አሜሪካ ሮኪ ተራሮች፣ ቀድሞ ኃይለኛው ብርድ እጩን ይገድለው የነበረው የፓይን ጥንዚዛ፣ ክረምቱ ሲለዝብ እስከ ዛፍ ወሰን ወጥቶ ዋይትባርክ ፓይንን ፈጅቷል፤ ከውጭ የገባ የፈንገስ በሽታም ተጨምሮበት ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በአሜሪካ ሕግ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዝግቧል። ሚዛናዊ ለመሆን፣ ተቃራኒ ምሳሌም አለ፤ በአልፕስ ከ1,000 ዓመት በላይ በየስምንትና ዘጠኝ ዓመቱ እየተነሣ የላርቹን ቅጠል ሲጨርስ የኖረው አባጨጓሬ ከ1980ዎቹ ወዲህ ያ ዑደቱ ተዛብቶበታል፤ ለዚህም ብዙ ተመራማሪዎች የሙቀቱን መጨመር ምክንያት ያደርጋሉ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር እሳትና የሰው እጅ ነው። በኪሊማንጃሮ አየሩ እየደረቀ ሲሄድ በላይኛው ደን ላይ እሳት በዝቶ፣ ከ1976 ወዲህ የደኑ የላይኛው ወሰን በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ታች ወርዷል። ሙቀት ጨመረ፣ ወሰኑ ግን ወረደ። በባሌና በሰሜን ተራሮች ወሰኑን የሚሠራው አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ፣ በዚያ የሚታየው የአስታ ቁመትና ስፋት የሙቀቱን ብቻ ሳይሆን የእሳቱንና የግጦሹንም ታሪክ አብሮ ይናገራል። በአልፕስ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለዘመናት በከብት ግጦሽ ዝቅ ብሎ የኖረው ደን፣ እረኞች ተራራውን እየተዉ ሲሄዱ የቀድሞ ቦታውን እየመለሰ ነው። በስዊዘርላንድ የደን መስፋፋትን ያጠኑ ሰዎች እንዳገኙት ከዚህ መስፋፋት አብዛኛው የተተወ የግጦሽ መሬት ላይ የተደረገ ነው፤ በሙቀቱ ምክንያት ከቀድሞው ወሰን በላይ ወጣ ሊባል የሚችለው ጥቂቱ ብቻ ነው። አሮጌና አዲስ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኸው የሙቀቱ ሥራ» ማለት ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ግን ያ ቦታ ስንት ከብት ይግጥበት እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ስለ ማካካሻው። ጽሑፉ ወደ ላይ የሚወጣው ደን ካርቦን አምቆ ሙቀቱን እንደሚያበርድ ይገልጻል። በሰሜን ስዊድን አቢስኮ አካባቢ የበርች ደንና ከእርሱ በላይ ያለው ዛፍ አልባ መሬት የያዙት ካርቦን ሲለካ፣ ደኑ በግንዱና በቅርንጫፉ ብዙ ቢይዝም አፈሩ የያዘው ከዛፍ አልባው መሬት አፈር እጅግ ያነሰ በመሆኑ ድምሩ በደኑ ሥር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ የዛፎቹ ሥር በዕድገት ወቅት የአፈሩን አሮጌ ብስባሽ መበስበስ እንደሚያፋጥንም ታይቷል። ከዚህ ሌላ በረዶ የለበሰ ገላጣ መሬት የፀሐይን ብርሃን መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ ከበረዶው በላይ ብቅ ያለ ጥቁር ደን ያንኑ ብርሃን ይውጠዋል። ይህ በየተራራው ልክ አንድ ዓይነት ነው አልልም፤ አፈሩ ስስ በሆነበት ድንጋያማ ተዳፋት ስሌቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አፈሩ ሳይለካ የዛፉን ግንድ ብቻ ቆጥሮ ትርፍ ማስመዝገብ ሒሳብ አይባልም።

ጋዜጣው በዚህ ጉዳይ ላይ ዳግም ሲጽፍ የትኛው ዝርያ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በምን ዓይነት የውሃ ሁኔታ ላይ እንደተለካ አብሮ እንዲያወጣ፣ የዛፍ ዕድገትንና የወሰን መንቀሳቀስንም ለይቶ እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጽሑፉ ባለቤትም የካርቦኑን ስሌት በምን መረጃ ላይ እንደመሠረቱት በዚሁ ገጽ ቢያስረዱን ውይይቱን ለመቀጠል ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው ቋሚ አንባቢ፣ የደን ሥነ ምህዳር መምህር